ኤፒፎን ቫልቭ ጁኒየር፦ አንድ ቁልፍ፣ ሁለት ቲዩብ፣ ብዙ ካውያ

ቫልቭ ጁኒየር የጊታርን ድምፅ የሚያጎላ አምፕ ነው። ፊቱ ላይ የጊታር ገመድ መሰኪያ፣ አንድ የቮሊየም ቁልፍና ማብሪያ ማጥፊያ አለ። በቃ። ቤዝ የለ፣ ትሬብል የለ፣ ሪቨርብ የለ። ውስጡም ያው ነው፦ አንድ 12ኤኤክስ7 እና አንድ ኢኤል84 የሚባሉ ቲዩቦች (ምልክት የሚያጎሉ የብርጭቆ ቫልቮች)፣ ሁለት ትራንስፎርመር፣ እፍኝ የማይሞሉ ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች። ጉልበቱ 5 ዋት ነው።

የጊታር ሠሪው የጊብሰን ንብረት የሆነው ኤፒፎን ይህን አምፕ ያወጣው በ2000ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ነው። ቻይና ይመረት ነበር፤ አሜሪካ ውስጥ ከ150 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። ያኔ በዚህ ብር አዲስ ቲዩብ አምፕ አገኛለሁ ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ስፒከሩ አብሮት ያለው ኮምቦ ወጣ፤ ስፒከሩ 8 ኢንች ነው። ከዚያ ያለ ስፒከር የሚሸጠው ሄድ ተከተለ።

አምፑ እንደ ሙዚቃ ዕቃ መካከለኛ ነበር። ዝናው የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ገዝተው የከፈቱት ሰዎች ተረባረቡበት። ካፓሲተር ቀየሩ፣ ትራንስፎርመር ቀየሩ፣ ቁልፍ ጨመሩ። ለዚሁ አምፕ ተብለው የተዘጋጁ የትራንስፎርመር ኪቶች ሁሉ ገበያ ላይ ዋሉ። ለኪቱ የሚወጣው ብር ከአምፑ ዋጋ ሲያልፍ እንኳ የሚገዛ አልጠፋም።

ጉዳዩን ላነሳው የፈለግኩት አንድ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ብዙው ሰው የመጨረሻውን አስቀደመ። ዲስቶርሽን (የተሰበረ፣ የሻከረ ድምፅ) ይጨምርልኝ ብሎ ካውያ (መበየጃ) አነሳ፤ አምፑ ግን የታመመው ሌላ ቦታ ነበር።

ምልክቱ እንዴት እንደሚሄድ

ይህን ሳይረዱ መቀየር በጭፍን መሄድ ነው። የጊታሩ ምልክት መጀመሪያ 12ኤኤክስ7 ውስጥ ይገባል። ይህ ቲዩብ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ትራዮድ የሚባሉ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ማጉያዎች አሉት። የመጀመሪያው ትራዮድ ያጎላዋል። ከዚያ ቮሊየሙ ይመጣል። ሁለተኛው ትራዮድ እንደገና ያጎላዋል። ቀጥሎ ኢኤል84 ይቀበለውና ጉልበት ይሰጠዋል። በመጨረሻ የውጤት ትራንስፎርመሩ ከፍተኛውን ቮልት ወደ ዝቅተኛ ቀይሮ ለስፒከሩ ያስረክባል።

መንገዱ ይኸው ነው። አጭር ስለሆነ አንዲት ሬዚስተር ብትቀይሩ ጆሮ ይለየዋል። ትልልቅ አምፖች ላይ ይህ የለም፤ ለውጡ በሌሎች ብዙ ክፍሎች መሃል ይሟሟል። ለመማር እንደዚህ ያለ አምፕ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

«5 ዋት ብቻ?» የሚል ይኖራል። አትሸወዱ። 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር፣ 5 ዋት ሲሰጠው ወደ 97 ዴሲቤል ይደርሳል። ይህን ኮንዶሚኒየም ውስጥ እስከ ጥግ ከፍታችሁ ተጫወቱና ጎረቤት ሲመጣ ታያላችሁ።

ሁሙ

የመጀመሪያው ኮምቦ ስሙ የጠፋው በሁም ነው። እምምም የሚል፣ ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ጆሮ የሚበላ ድምፅ። የመጣው ከሁለት ቦታ ነው፤ መድኃኒታቸው የተለያየ ስለሆነ መለየት ግድ ይላል።

አንደኛው ሂተሩ ነው። ቲዩብ ውስጥ እንደ አምፖል ክር የሚግል ሽቦ አለ፤ 6.3 ቮልት ይሰጠዋል። የመጀመሪያዎቹ ቫልቭ ጁኒየሮች ላይ ይህ 6.3 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚመላለስ ጅረት) ነው። በአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፤ ያ መመላለስ ወደ 12ኤኤክስ7 ይሾልካል፤ ቲዩቡ ደግሞ የሾለከውን ከጊታሩ ምልክት ጋር አንድ ላይ ያጎላዋል።

ሁለተኛው የከፍተኛው ቮልት መስመር ነው። መብራቱ በዳዮዶች ከኤሲ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ጅረት) ሲቀየር ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ አይሆንም። በሰከንድ 120 ጊዜ የሚነሳና የሚወድቅ ትርፍራፊ ይቀርበታል። ይህን የሚያለሰልሱት ትልልቆቹ የፊልተር ካፓሲተሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ትልልቅ አምፖች ይህ ሁሉ ችግር ለምን የለባቸውም? ፑሽፑል የሚባለው አሠራር ስላላቸው ነው። ሁለት የኃይል ቲዩቦች በትራንስፎርመሩ ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ይስባሉ። በመስመሩ ላይ ያለው ትርፍራፊ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቫልቭ ጁኒየር ግን ያለው አንድ ኢኤል84 ብቻ ነው። የሚያጠፋለት ጓደኛ የለውም። ስለዚህ አንድ የኃይል ቲዩብ ያለው አምፕ ከትልቁ የበለጠ ንጹሕ ፊልተር ይፈልጋል። ዋጋ ለመቀነስ ሲባል መጀመሪያ የሚቆረጠውም ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ሁሙ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ኦሲሎስኮፕ አያስፈልግም፤ ጊታራችሁ ይበቃል። 120 ኸርዝ ከኤ ክር ሁለተኛ ፍሬት (ቢ ኖታ፣ 123.5 ኸርዝ) ትንሽ ዝቅ ይላል። 60 ኸርዝ ደግሞ ከዚያው በአንድ ኦክቴቭ የወረደ ነው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ መብራቱ 50 ኸርዝ ስለሆነ ቁጥሩ ይቀየራል፦ የፊልተሩ ሁም 100 ኸርዝ ይሆናል፤ ከወፍራሙ ኢ ክር ሦስተኛ ፍሬት (ጂ፣ 98 ኸርዝ) ጋር ይጠጋል። ክሩን ምቱና ከሁሙ ጋር አነጻጽሩት። ከተጠጋ ወንጀለኛው ፊልተሩ ነው። በጣም የወረደ ከሆነ ሂተሩን ጠርጥሩ።

ሁለተኛው ፈተና ይህ ነው። ጊታሩን ንቀሉ፣ ቮሊየሙን ዜሮ አድርጉ። ሁሙ ካልተቀየረ የሚገባው ከቮሊየሙ በኋላ ነው። አሁን አምፑን አጥፉ፣ ቲዩቡ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ 12ኤኤክስ7ን አውጡና ስፒከሩ እንደተሰካ እንደገና አብሩ። ሁሙ ከጠፋ ነገሩ ያለው 12ኤኤክስ7 አካባቢ ነው። ካልጠፋ ኢኤል84 ወይም የመብራት ክፍሉ ነው። ይህንን ለማወቅ አንድም ቦታ ካውያ አልነካችሁም።

የሂተሩ መድኃኒት ርካሽ ነው። ከሂተሩ ሁለት ጫፎች ከእያንዳንዳቸው አንድ የ100 ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ (የአምፑ ዜሮ ቮልት መስመር) ይሄዳል። ሁለቱ ሬዚስተሮች ግራውንዱን ልክ መሃል ላይ ያስቀምጡታል፤ የሁለቱ ጫፍ ጩኸት ይመጣጠንና ይጠፋፋል። የሂተር ሽቦዎችንም እርስ በርስ ማጠላለፍና ከመግቢያው ገመድ ማራቅ ይረዳል። የፊልተሩ መድኃኒት ደግሞ የካፓሲተሩን መጠን መጨመር፣ ወይም በመሃል አንድ ተጨማሪ የሬዚስተርና የካፓሲተር ደረጃ ማስገባት ነው።

ኩባንያው ራሱም ዝም አላለም። በኋላ የወጡት ስሪቶች ሂተሩን በዲሲ ማሞቅ ጀመሩ። ስለዚህ ያገለገለ ቫልቭ ጁኒየር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የትኛው ስሪት እንደሆነ ነው። በመጀመሪያው ላይ የሚሠራው ማስተካከያ በኋለኛው ላይ ትርጉም አይኖረውም።

ሙቀቱ

ኢኤል84 በፕሌቱ (ውስጡ ኤሌክትሮን በሚቀበለው ብረት) ላይ መሸከም የሚችለው ሙቀት 12 ዋት ነው፤ የቲዩቡ መረጃ ሠንጠረዥ የሚለው ይህን ነው። አንድ ቲዩብ ብቻ ያለው ክላስ ኤ አምፕ ደግሞ ልዩ ጠባይ አለው። ብትጫወቱም ባትጫወቱም ቲዩቡ ያው ሙሉ ጅረቱን ይስባል። ቡና ልትጠጡ ስትወጡም እዚያው ይነድዳል።

ልኩን ማወቅ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነም ነው ሰው የሚዘለው። ከኢኤል84 ካቶድ (ኤሌክትሮን ከሚለቀው ክፍል) ወደ ግራውንድ የሚሄድ ሬዚስተር አለ። በሁለት ጫፉ ያለውን ቮልት በመልቲሜትር ለኩ፤ ለሬዚስተሩ ኦም አካፍሉት። ለምሳሌ ሬዚስተሩ 220 ኦም ሆኖ 10 ቮልት ብታገኙ፣ ጅረቱ ወደ 45 ሚሊአምፕ ነው። ከዚህ 5 ያህሉ ስክሪን ወደሚባለው ሌላው የቲዩቡ ክፍል ይሄዳል እንበል፤ 40 ቀረ። ፕሌቱ ላይ 300 ቮልት ካለ፣ የካቶዱን 10 ቀንሱና 290 ይሆናል። 290 ሲባዛ በ0.040፣ 11.6 ዋት። ለጥቂት ተርፏል።

ውጤቱ 14 ወይም 15 ዋት ከሆነ ቲዩቡ ዕድሜው ያጥራል። መፍትሔው ካቶድ ላይ ያለውን ሬዚስተር ከፍ ባለ መቀየር ነው። ትንሹን ሩብ ዋት ሬዚስተር እዚያ አታስገቡ። በምሳሌያችን ብቻ ግማሽ ዋት ያህል ሙቀት ይወርድበታል፤ የ2 ዋት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይሁን።

የሚገርመው ነገር ይህ ለውጥ ድምፁን እምብዛም አይቀይረውም። ማንም «ዋው» አይልላችሁም። ለዚህ ይመስለኛል የሚዘነጋው።

ስፒከሩ

አሁን ሐሳቤን ልናገር። ለኮምቦው ትልቁን ለውጥ ያመጣው ነገር አምፑን መክፈት ሳያስፈልግ የሚሠራ ነበር፦ ምልክቱን ከ8 ኢንቹ አውጥቶ ለ12 ኢንች ስፒከር መስጠት። ሄዱ ከኋላው 4፣ 8 እና 16 ኦም መውጫ ስላለው የማይገጥም ካቢኔት ብርቅ ነው።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ድምፅ በ3 ዴሲቤል ሲጨምር ጉልበት በእጥፍ እንደማለት ነው። ስፒከራችሁ ከቀድሞው 6 ዴሲቤል የሚበልጥ ከሆነ፣ 5 ዋቱ እንደ 20 ዋት ይሰማል። በካውያ አራት እጥፍ ጉልበት ማግኘት አይቻልም። ትንሽ ሳጥን ውስጥ የታፈነው ዝቅተኛ ድምፅም ይተነፍሳል።

ግን አንድ መዘዝ አለው። 8 ኢንች ስፒከር 60 ኸርዝን እንደ ነገሩ ነው የሚያሰማው። 12 ኢንቹ ላይ ስትሰኩት የተደበቀው ሁም ሁሉ ብቅ ይላል። ስፒከር ቀይሮ «አምፔ ተበላሸ» የሚል ሰው አምፑ አልተበላሸበትም፤ መስማት ጀመረ እንጂ። ለዚህ ነው ሁሙን አስቀድሜ ያነሳሁት።

የቲዩብ አምፕን ያለ ስፒከር ማብራትና መጫወት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። የውጤት ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚነሳው ቮልት መከለያውን ይበሳዋል። ገመዱን ሳትሰኩ አታብሩ።

ጣዕም

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ የጣዕም ጉዳይ ነው። እዚህ ማንም ማንንም «ተሳስተሃል» ማለት አይችልም።

በጣም የምወደው ለውጥ ካውያ አይፈልግም። 12ኤኤክስ7 የማጎልበት መጠኑ 100 ነው። በዚያው ሶኬት የሚገባ 5751 የሚባል ቲዩብ 70 ነው፤ 12ኤዋይ7 ደግሞ ወደ 40 ገደማ። ንቀል፣ ስካ፣ ስማ። ካልወደድከው መልሰው። የጊታሩ ድምፅ ቶሎ መሰበሩን ትቶ ሰፋ ያለ ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል። ትዝታን ወይም አምባሰልን ነጠላ ኖታ በኖታ ለሚጫወት ሰው እኔ ይህን ነው የምመርጥለት። ኤሌክትሪክ ክራር ለሚሰካበት ሰውም እንዲሁ። ክራር ሲመታ የመጀመሪያው ምት ስለታም ነው፤ ብዙ ጌይን (ማጎልበት) ያደቅቀዋል። ፒዬዞ ፒካፕ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር መቀበያ) ያለው ክራር ከሆነ ግን በመሃል ትንሽ ፕሪአምፕ ብታስገቡለት ይሻላል። የጊታር አምፕ መግቢያ ብዙ ጊዜ 1 ሜጋ ኦም ነው፤ ለፒዬዞ ያንሳል፤ የታችኛው ድምፅ ይሳሳል።

ሁለተኛው የካቶድ ካፓሲተር ነው። በትራዮዱ ካቶድ ላይ 1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና አጠገቡ 22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ካለ፣ ቲዩቡ የጊታሩን ድምፅ ከታች እስከ ላይ እኩል ያጎላዋል። 22ቱን በ0.68 ብትተኩት ተጨማሪ ጉልበቱ የሚጀምረው ከ150 ኸርዝ ገደማ በላይ ነው። ወፍራሙ ኢ ክር 82 ኸርዝ ስለሆነ ከታች ያለው ጭቃ ይቀንሳል፤ ኮርድ ስትመቱ ኖታዎቹ ይለያያሉ። የአንድ ካፓሲተር ዋጋ ምንም አይደለም። መጀመሪያ የአንዱን ትራዮድ ብቻ ቀይሩና ስሙ። ሁለቱንም ባንዴ የቀየረ ሰው የትኛው ምን እንዳደረገ አያውቅም።

የቃና ቁልፎች መጨመር በወረቀት ላይ ደስ ይላል። ባስና ትሬብል የሚቆጣጠር ዑደት ግን ምልክቱን ይበላል፤ ሁለት ትራዮድ ብቻ ያለው አምፕ ደግሞ የሚተርፍ ጉልበት የለውም። ጨምረው ጨምረው አምፑ ደከመ ብለው ያወጡት ብዙ ናቸው። ጊታሩ ላይ ያለው የቶን ቁልፍ ምን ሆነ?

የውጤት ትራንስፎርመሩን መቀየር ትልቁ ወጪ ነው። ምክንያት የሌለው ነገር አይደለም። አንድ ቲዩብ ብቻ ሲኖር ዲሲ ጅረት ሳያቋርጥ በትራንስፎርመሩ ውስጥ ያልፋል። ትንሽ ብረት ቶሎ ይሞላና ዝቅተኛውን ድምፅ ማሳለፍ ያቅተዋል። ሐመንድ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራቸው እንደ 125ኢኤስኢ ያሉ ለዚህ አሠራር የተዘጋጁ ትራንስፎርመሮች ሲገቡ ቤዙ ይሞላል። ልዩነቱ ግን ጥሩ ስፒከር ላይ ነው የሚሰማው። በ8 ኢንች ሳጥን ይህን ያህል ብር ማውጣት ለእኔ ብር መጣል ነው።

እጅ ከማስገባት በፊት

ከዚህ በላይ የጻፍኩትን ለመሞከር አምፑን የሚከፍት ሰው ይህንን ያንብብ። ከሶኬት መንቀል አይበቃም። የፊልተር ካፓሲተሮቹ ከተነቀሉ በኋላም ከ300 ቮልት በላይ ይዘው መቆየት ይችላሉ። ይህ ይገድላል። ካፓሲተሩን ጫፉ በተሸፈነ የ10 ኪሎ ኦም የ5 ዋት ሬዚስተር ወደ ግራውንድ አፍስሱት፤ ከዚያ በመልቲሜትር ለኩ፤ ዜሮ አጠገብ ካልሆነ አትንኩ። አምፑ በርቶ ቮልት ስትለኩ አንዱ እጃችሁ ኪስ ውስጥ ይሁን፤ መብራት በደረት በኩል እንዳያልፍ ነው።

ካውያውን ፒሲቢው (ክፍሎቹ የተበየዱበት ሰሌዳ) ላይ አታቆዩ። ረጅም ጊዜ የጋለ የመዳብ መስመር ከሰሌዳው ይላቀቃል። አንድ ካፓሲተር ሦስት አራቴ እየነቀሉ የሚተክሉ ሰዎች አምፑን የሚገድሉት በዚህ ነው። መሞከር ካሻችሁ አጭር ሽቦ በይዱና ካፓሲተሩን እሱ ላይ ቀያይሩ።

አዲስ አበባ ሲደርስ

ከአሜሪካ የመጣ አምፕ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። እኛ ጋ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። በቀጥታ የሰካው ሰው ፊውዙ ደርሶ ካላዳነው የመብራት ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል።

የሚያስፈልገው 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ነው። ስንት ዋት? እንቁጠር። ሁለቱ ሂተሮች 0.76 እና 0.3 አምፕ ይስባሉ፤ በ6.3 ቮልት ወደ 7 ዋት ነው። የከፍተኛው ቮልት መስመር 50 ሚሊአምፕ በ300 ቮልት 15 ዋት ነው። ከነብክነቱ 30 ዋት ቢሆን ነው። የ100 ዋት ስቴፕ ዳውን በቂና ከበቂ በላይ ነው። ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጡትን ቀላል ኤሌክትሮኒክ መቀየሪያዎች አትግዙ። ስታነሱት የብረት ክብደት ያለውን ፈልጉ።

60 ኸርዝ ታስቦ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ትንሽ የበለጠ ይሞቃል። ከአንድ ሰዓት በኋላ እጃችሁን ሽፋኑ ላይ አድርጉ። ሞቅ ማለቱ ጤና ነው፤ እጅ የማያስቆይ ከሆነ አጥፉት። መብራቱ የሚዋዥቅበት ሰፈር ከሆነ ከስቴፕ ዳውኑ በፊት ስታብላይዘር ይግባ። ኢኤል84 ላይ ቅድም ያሰላነውን 11.6 ዋት ከ12 በላይ ለማድረግ የመብራቱ ትንሽ ከፍ ማለት ይበቃል፤ ስለዚህ ልኬቱን እዚህ አገር መብራት ላይ እንደገና ውሰዱ።

ሌላው የግራውንድ ነገር ነው። ብዙ ስቴፕ ዳውኖች መውጫቸው ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ብዙ አሮጌ ቤቶች ደግሞ ሶኬታቸው ግራውንድ የለውም። የጊታሩ ክር ከአምፑ ብረት ጋር በገመዱ ይገናኛል። አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ቢላቀቅ መብራቱ የሚመጣው ክር ላይ ወደተኛው እጃችሁ ነው። ሦስተኛውን የግራውንድ እግር ቆርጦ መሰካት የተለመደ ብልሃት ነው፤ ሁሙንም አንዳንዴ ይቀንሳል። አታድርጉት። ባለ ሦስት ቀዳዳ ስቴፕ ዳውን ግዙ፤ ሶኬቱንም ግራውንድ እንዳለው የመብራት ሠራተኛ ይፈትሽላችሁ።